ግሬስ ሆፐርና ራሱን የሚገጣጥም ፕሮግራም

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ወጣት፣ ለሰው ንባብ በሚመች ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ቁጥር ቋንቋ ለማስለወጥ ዛሬ አንዲት አጭር ትእዛዝ ትበቃዋለች። መኪናው ራሱ የተለወጠውን ክፍል ካልተለወጠው ለይቶ፣ የሚተረጎመውን ተርጉሞ፣ ቁርጥራጩንም በየቦታው ገጥሞ፣ የሚሠራ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ያስረክበዋል። ይህ ሥራ ከሰው እጅ ወጥቶ ለመኪና ይሰጥ ዘንድ በመጀመሪያ ከደከሙት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዶክተር ግሬስ ሆፐር ስለሆኑ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግሬስ ሆፐር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ7 ዓመታቸው የሰዓትን አሠራር ለማወቅ ሲሉ በቤት የነበሩትን 7 የደወል ሰዓቶች እንደ ፈታቱ ይነገርላቸዋል፤ እናታቸውም ከዚያ ወዲህ በአንዱ ብቻ እንዲወሰኑ አዘዟቸው። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቀው፣ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በቫሳርም ያስተምሩ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ትተው በ1943 በባሕር ኃይል ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ነው ተብለው ስለነበር የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው።

በ1944 የተመደቡት ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው፣ ማርክ 1 ወደሚባለው የሒሳብ መኪና ነበር። ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱም 5 ቶን ያህል የነበረው ይህ መኪና ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነው። እዚያ የነበሩት ባለሙያዎች አንድ ስሌት በትክክል መሥራቱ ከታወቀ በኋላ በደብተራቸው ያስቀምጡታል፤ ሌላው ሲቸግረው ተውሶ በእጁ ይገለብጠዋል። ታዲያ ሲገለበጥ አንዷ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቢ፣ 13 ቁጥር ሆና ትገኛለች። ከመዝገብ ወደ መዝገብ ቁጥር ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን በመዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋልና ብዙ ማስረዳት አያሻንም። (በ1947 በማርክ 2 ውስጥ ስለተገኘችው የእሳት ራት የሚነገረውን ታሪክ እሳቸው ማውራት ይወዱ ነበር እንጂ፣ የመኪና ስሕተትን በተባይ ስም መጥራት ከዚያ በፊትም የነበረ ልማድ ነው።)

በ1949 ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተር ወደሚሠራበት የፊላደልፊያ ኩባንያ ገቡ። ችግሩ እዚያም ጠበቃቸው። እያንዳንዱ የስሌት ቁራጭ አድራሻውን ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ወደ ትልቁ ፕሮግራም ሲገባ አድራሻዎቹን ሁሉ በቦታው ልክ እየደመሩ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ድምር ከተሳሳተ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ዶክተር ሆፐር መኪናው ለመደመርና ለመገልበጥ ከተሠራ፣ ሰው ስለ ምን ይህን ይሠራለታል ብለው አሰቡ። ቁራጮቹን በማግኔት ጥቅል ላይ አኖሩና ለእያንዳንዱ የመጥሪያ ቁጥር ሰጡት። በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለው ኮምፓይለራቸው የቁጥሮቹን ተራ ብቻ ተቀብሎ ቁራጮቹን ያወጣ፣ አድራሻቸውን ያስተካክል፣ አያይዞም አንድ ፕሮግራም ያደርጋቸው ጀመር። በባቡር ሐዲድ ዳር ላደገ የአዳማ ልጅ ነገሩ አዲስ አይሆንም፤ ፉርጎዎቹ በቁጥራቸው እየተጠሩ በተራ ይቀጣጠላሉ፣ ባቡሩም ይነሣል። ልዩነቱ ጠሪውም ቀጣጣዩም መኪናው መሆኑ ነው።

የሚሠራውን ነገር በእጃቸው ይዘው ሳለ የሚቀበላቸው አጡ። ኮምፒዩተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም ሊሠራ አይችልም ተባሉ። እኛ እንደሚመስለን ከዚህ በስተጀርባ ሌላም ነገር ነበረ፤ የቁጥሩን ምስጢር የሚያውቁት ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ምስጢሩ ለሁሉ ሲገለጥ ክብራቸው የሚቀንስ መሰላቸው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዶክተር ሆፐር መኪናው በእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ ትእዛዝ እንዲቀበል ካደረጉ በኋላ፣ ቃላቱን ብቻ በመለወጥ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አሠርተው ለኩባንያው አለቆች አሳዩ። አለቆቹ በመደሰት ፈንታ ደነገጡ፤ በአሜሪካ የተሠራ መኪና ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እንዴት ይገባዋል አሉ። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል መግባት ግድ ሆነባቸው። ለመኪናው ግን ቃል ሁሉ የምልክት ድርድር ነው፤ እንግሊዝኛን ከሌላው አያስበልጥም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ የአማርኛ አንባቢ ይህን እንደ ተራ ቀልድ ሊያልፈው አይገባም እንላለን።

ከዚህ ሥራ ፍሎው-ማቲክ የተባለው ቋንቋ ወጣ፤ በ1959 የተጀመረው ኮቦልም ከእሱ ብዙ ወረሰ። ብዙዎች የኮቦል እናት ይሏቸዋል፤ ቋንቋውን የጻፈው ግን ኮሚቴ ሲሆን እሳቸው አማካሪ ነበሩ። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠራ። ከዚያ በፊት መኪና የለወጠ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን እንደገና ማስጻፍ ግዴታው ነበር።

ባሕር ኃይሉ በ1966 በጡረታ አሰናበታቸው፤ በ1967 ለ6 ወር ብሎ መልሶ ጠራቸው፤ 6 ወሩም 19 ዓመት ሆነ። ቢሯቸው ውስጥ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ልማድ ብቻውን ምክንያት እንደማይሆን ለማሳየት ነው። ለተማሪዎችም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሽቦ እየሰጡ፣ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ከዚያ አልፎ ሊሄድ እንደማይችል ያስረዱ ነበር። እሳቸው በባሕር ኃይሉ ሳሉ በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ሰው በቤል ላቦራቶሪ ሜክ የሚባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ ይህም የፋይሎቹን ሰዓት አመሳክሮ የተለወጠውን ብቻ እንደገና የሚያስተረጉም ነው። በመግቢያችን ያነሣናት አጭር ትእዛዝ የመጣችው ከዚህ ነው።

ግሬስ ሆፐር በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። አንድ የጦር መርከብ፣ በ2017 ደግሞ በተማሩበት በዬል አንድ ኮሌጅ በስማቸው ተጠራ።