ይድነቃቸው ተሰማ፦ ጥያቄውን ከጋዜጣ ወደ ጉባኤ የወሰዱ ሰው

በ1968 ዓ.ም ሐምሌ ወር የካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ ሁለት ታላላቅ እንግዶችን በአንድ ጊዜ ተቀብላ ነበር። አንዱ የኦሊምፒክ ውድድር ነው፤ ሊከፈት የአንድ ሌሊት ዕድሜ ቀርቶታል። ሁለተኛው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር የፊፋ ጉባኤ ነው። በዚህ ጉባኤ የአፍሪካን ወገን የሚመሩት የ54 ዓመቱ ኢትዮጵያዊ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን አንድ ጥያቄ ለድምፅ ይዘው መጥተዋል፤ ሰውን በቆዳው ቀለም ለይቶ የሚያጫውት ሀገር በዓለም አቀፍ ስፖርት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባልን?

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በዜማ የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ልቡን ለኳስ ሰጠ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ጎረምሳ ሆነው ተቀላቀሉት፤ ከሃያ ዓመት በላይም ተጫወቱለት።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የፋሽስቱ አስተዳደር በከተማው፣ በገበያውና በትምህርት ቤቱ የዘረጋውን የዘር መለያየት ወደ ኳስ ሜዳም አመጣው። ኢትዮጵያዊ ከኢትዮጵያዊ፣ ነጭም ከነጭ ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ሌሎች በኋላ ዘመን በመጽሐፍ ያነበቡትን ነገር አቶ ይድነቃቸው በወጣትነታቸው በእግራቸው የቀመሱት ናቸው። የኋላ ጽናታቸውን ለመረዳት የሚሻ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

የካቲት 1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊካሄድ ታስቦ የደቡብ አፍሪካ ተወካይ አንድ አማራጭ አቀረበ፤ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት፣ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ይላካል፤ የተቀላቀለ ግን አይሆንም። ከአንድ ዓመት በፊት የዚያች ሀገር የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነጭና ጥቁር ስፖርቱን ለየብቻው እንዲያካሂድ፣ ከውጭ የሚመጣ ቡድንም ይህን ልማድ እንዲያከብር በይፋ አስታውቆ ነበርና ተወካዩ ከዚያ ፈቀቅ ሊል አልቻለም። አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ሁለቱንም አማራጮች አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ዕጣው ከእርሷ ጋር ያጋጠማት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የተጋጣሚን መቅረት እንደ ዕድል ቆጥሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጋዜጠኞች ስለዚህ ጉዳይ ሲጠይቁ ከባለሥልጣናት የሚያገኙት መልስ በዓይነቱ ጥቂት ነበር። ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም ይባላል። ወይም ጉዳዩ የሀገር ውስጥ ልማድ ነው፣ እንግዳ አይገባበትም ይባላል። ወይም ጠያቂው ለምን ስለ ሌላው ሀገር እንደማይጠይቅ መልሶ ይጠየቃል። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ ጥያቄው በየዓመቱ ይነሣል፣ መልሱም በየዓመቱ ያው ነው። ለጋዜጠኛ ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት መንግሥት የለም፤ ቃል አቀባዩ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ጠያቂ ማለፍ ይችላል። በጉባኤ የቀረበ ሐሳብ ግን እጅ የሚወጣበት፣ ድምፅ የሚቆጠርበት ነው። አቶ ይድነቃቸው ይህን ልዩነት ከብዙዎች ቀድመው የተረዱ ይመስለኛል። ስለዚህም ጉዳዩን በመግለጫ ብቻ አልተዉትም፤ ወደ ደንብና ወደ ድምፅ ወሰዱት።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ፊፋ በ1954 ዓ.ም መባቻ የደቡብ አፍሪካን ነጮች ማኅበር አገደ። የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ወደዚያች ሀገር ሄደው ተመለሱና የመለያየቱ ምንጭ የመንግሥት ፖሊሲ እንጂ ማኅበሩ አይደለም የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ፤ በ1955 ዓ.ም እገዳው ተነሣ። ማኅበሩም አንድ አስገራሚ መፍትሔ አቀረበ፤ ለእንግሊዙ የዓለም ዋንጫ ነጮችን ብቻ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለሚደረገው ደግሞ ጥቁሮችን ብቻ ሊልክ። መስከረም 1957 ዓ.ም በቶኪዮ የተሰበሰበው ጉባኤ አፍሪካውያን በብዛት በተገኙበት ድምፅ እገዳውን መልሶ አጸናው።

በመካከሉ አቶ ይድነቃቸው በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጥነዋል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሳቸው በዚህ ነው። በ1964 ዓ.ም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበርም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በ1966 ዓ.ም ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንዥ ሰር ስታንሊ ራውስን በምርጫ ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ከሃቬላንዥ ጎን ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ወደ ሞንትሪያል እንመለስ። በዚያ ክረምት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን ሊጎበኝ ሄዶ ነበር። ሰኔ 9 ቀን በሶዌቶ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ወድቀዋል፤ የራግቢው ጉዞ ግን በዚያው ሰሞን ቀጠለ። ጋዜጠኞች የኒውዚላንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት መልዱንን ሲጠይቁ፣ ጉዳዩ የራግቢ ማኅበሩ ነው፣ መንግሥት በስፖርተኞች ነፃነት ጣልቃ አይገባም የሚል አቋም ያዙ። የኦሊምፒክ ኮሚቴውም ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለምና አይመለከተኝም አለ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በደቡብ አፍሪካ ማኅበሩ ጣቱን ወደ መንግሥት ይቀስራል፤ በኒውዚላንድ መንግሥቱ ጣቱን ወደ ማኅበሩ ይቀስራል። ጠያቂው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። የኒውዚላንድ መንግሥት ግን ሲፈልግ ጣልቃ መግባት ይችል ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር የደቡብ አፍሪካን ቡድን ጉብኝት አስቀርቶ ነበርና።

ሐምሌ 9 ቀን የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ። የአቶ ይድነቃቸው ወገን አሸነፈ። በማግሥቱ ኦሊምፒክ ሲከፈት ግን ከሃያ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን የሆኑ ሀገራት ኒውዚላንድ ባለችበት አንወዳደርም ብለው ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። በሙኒክ ነሐስ ያገኙት ምሩፅ ይፍጠር አራት ዓመት የተዘጋጁበትን ሩጫ ሳይሮጡ ቀሩ። በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ እስኪያገኙ ድረስ ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። የፖለቲከኞች ሽሽት ዋጋ በአትሌቶች እግር ተከፈለ ማለት ይቻላል፤ አትሌቶቹን የጠየቃቸው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የታሪኩን ሌላ ገጽ መሸፈን ተገቢ አይሆንም። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫ በወታደራዊ መንግሥት በምትገዛው አርጀንቲና ተካሄደ። ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው ደብዛቸው የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች ነጭ ሻሽ አስረው በቦነስ አይረስ አደባባይ ሲዞሩ፣ የውጭ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ወደ እነርሱ አዞሩ። መንግሥቱ የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ጥያቄውንም በሀገር ላይ የተከፈተ የስም ማጥፋት ዘመቻ ነው ሲል መለሰ። ፊፋ ውድድሩን ቀጠለ። ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድል አስገኘች፤ በአህጉሩ ደስታ ሆነ። ለደቡብ አፍሪካ የተሠራው ሚዛን ለአርጀንቲና አልወጣም።

በእርሳቸው ሀገርም ቢሆን ዘመኑ የቀይ ሽብር ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳና የወጣቶች አስከሬን ሲጣል ስለ ሰው ልጅ መብት ባለሥልጣንን በይፋ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ሊኖር አይችልም፤ ጠያቂ ከሌለ የሚሸሽ መልስ እንኳ አያስፈልግም። በ1976 ዓ.ም ኢትዮጵያ የሶቪየት ኅብረትን ፈለግ ተከትላ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ስትቀር፣ ያ ውሳኔ እንደ ሞንትሪያሉ የዘር መድልዎ ጉዳይ ሳይሆን የኃያላን ፍጥጫ ነበር። አቶ ይድነቃቸው በዓለም መድረክ ድምፅ ሊያስቆጥሩ የቻሉት፣ በሀገራቸው ግን ማንም ድምፅ በማይቆጥርበት ዘመን ነው። ይህን የምንጽፈው እርሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ሰው የሚይዘው መድረክ ልክ እንዳለው ለማሳየት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። በዕንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው የሞቱት በቡሄ ዕለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ ገና በእገዳ ላይ ነበረች፤ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የመለያየቱ ሕግ ሲፈርስ ነው።

ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ቡድኑ ጥቁርም ነጭም ነበረበት። ዋንጫውን ያነሣው ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ሲሆን፣ አጠገቡ የቡድኑን መለያ የለበሱት ኔልሰን ማንዴላ ቆመው ነበር።