አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፦ መቼ እንደሚቀድና መቼ እንደሚተው ያወቀ ሐኪም

የሽንት መውጫው ተደፍኖ የተወለደ ሕፃን ምን ይደረግለታል? ከሺህ ዓመት በፊት ለዚህ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ መልስ የጻፈ ሙስሊም ሐኪም ነበር።

አቡል-ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ በአንደሉስ ተወለደ። አዝ-ዘህራዊ የተባለው በቁርጡባ አቅራቢያ በነበረችው በመዲነቱ አዝ-ዘህራእ ነው። ዕድሜውን በማከምና በማስተማር አሳልፎ፣ በ1000 አካባቢ "አት-ተስሪፍ" የተሰኘውን ባለ 30 ክፍል መጽሐፍ አጠናቀቀ። የመጨረሻው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ 200 ያህል መሣሪያዎችን በሥዕል ያሳያል።

ሲወለዱ ጀምሮ የሽንት መውጫ ችግር ስላለባቸው ወንድ ሕፃናት የጻፈውም በዚሁ ክፍል ነው። መውጫው የተደፈነ ከሆነ ሳይዘገይ በጣም ቀጭን በሆነ ስለት ይከፈታል። ተመልሶ እንዳይገጥም ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ቀጭን ዘንግ ገብቶ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት ይታሰራል፤ ሕፃኑ ሊሸና ሲል ይወጣና መልሶ ይገባል። ቀዳዳው ከቦታው ወደ ታች የወረደ ከሆነ፣ ዛሬ ሃይፖስፓዲያስ የምንለው ማለት ነው፣ ልጁ አድጎ ለመውለድ እንደሚቸገር አስተዋለ። መፍትሔውም ጸሐፊ የሸምበቆ ብዕሩን እንደሚቀርጽ የብልቱን ጫፍ ቀርጾ ቀዳዳውን መሃል ላይ ማድረግ ነበር። ደም እንዳይፈስ ጥንቃቄ እንዲደረግም አሳስቧል።

ይሁን እንጂ ስለት የሚያነሳው በድፍረት አልነበረም። ተማሪዎቹን ልጆቼ እያለ ሲመክር አንድ ያየውን ነገር ይተርካል። የፊኛ ጠጠር ያለበት አንድ ሽማግሌ ነበር። አዝ-ዘህራዊ ተጠርቶ ሲያየው ጠጠሩ ትልቅ፣ ሰውየውም ደካማ ስለነበር እንደሚሞት ተረዳ። ሌላ ሐኪም ግን አወጣለሁ ብሎ ገባበት፤ ጠጠሩን ከፊኛው ቁራጭ ጋር አወጣው። በሽተኛው በሦስት ቀን ገደማ ሞተ። የሰውነትን አሠራር ሳይማሩ መቅደድ ነፍስ ማጥፋት መሆኑን ያስተማረው በዚህ ነው።

በ1010 አካባቢ ከተማው በፊትና ፈረሰች፤ እርሱም በ1013 አካባቢ አረፈ። መጽሐፉ ግን ተረፈ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌራርድ ዘክሬሞና የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በቶሌዶ ወደ ላቲን መለሰው፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።

ውድ እህት ወንድሞች፣ በተለይ በጤናው ዘርፍ ያላችሁ፦ ሥዕሎቹን ስናደንቅ ያንን ሽማግሌም አንርሳ። ዕውቀት አማና ነው።