ያለ ቅንፍ ማስላት፦ የያን ዉካሼቪች ሕይወትና የስሌት ቅደም ተከተል ጥያቄ

2 + 3 × 4 የሚለውን ስሌት ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ እየተከተለ የሚሠራ ሰው 20 ያገኛል፤ ማባዛትን የሚያስቀድም ግን 14 ያገኛል። ትክክለኛው መልስ 14 ነው የሚያሰኘው የቁጥሮቹ ባሕርይ ሳይሆን፣ ማባዛትና ማካፈል ከመደመርና ከመቀነስ ይቀድማሉ የሚለው የአጻጻፍ ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት ለስሌት የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን በተግባር ያሳዩት ፖላንዳዊው የአመክንዮ ሊቅ ያን ዉካሼቪች ናቸው።

ዉካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1878 በልቮቭ (በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ልቪቭ) ተወለዱ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በካዚሚየሽ ትቫርዶቭስኪ ሥር ፍልስፍና አጥንተው በ1902 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1915 ወደ ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1919 የትምህርት ሚኒስትር፣ በኋላም ሁለት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነዋል። ከስታኒስላቭ ሌሽኒየቭስኪ ጋር በመሆን የዋርሶን የአመክንዮ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ ካስተማሯቸውም መካከል አልፍሬድ ታርስኪ ይገኙበታል።

ቅንፍ አልባውን አጻጻፍ ያፈለቁት በ1924 ነው። የተለመደው አጻጻፍ ምልክቱን በሁለት ቁጥሮች መካከል ስለሚያኖር፣ ከላይ ባለው ምሳሌ 3 ከመደመሪያው ጋር ይሂድ ወይስ ከማባዣው ጋር የሚለው ያሻማል። አሻሚነቱን የሚያስወግደው ደንብ ወይም ቅንፍ ነው። ዉካሼቪች ግን ምልክቱን ከፊት አስቀደሙ። ዓላማቸው የአመክንዮ ቀመሮችን ማሳጠር ቢሆንም ዘዴው ለሒሳብም ይሠራል፦ 2 + 3 × 4 በዚህ መንገድ + 2 × 3 4 ይሆናል፤ (2 + 3) × 4 ደግሞ × + 2 3 4 ይሆናል። በአልጀብራም ሀ × (ለ + ሐ) የነበረው × ሀ + ለ ሐ ተብሎ ይጻፋል። በሦስቱም ቅንፍም ሆነ የቅድሚያ ደንብ አያስፈልግም። ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ እያንዳንዱ ምልክት ስንት ነገሮችን እንደሚያያይዝ አስቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት። ስለዚህ የመቀነስ ምልክትና የአሉታዊ ቁጥር ምልክት አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

የዉካሼቪች ትምህርቶች በ1929 ሞይዤሽ ፕሬስቡርገር በተባሉት ተማሪያቸው አዘጋጅነት በመጽሐፍ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጦርነት መጣ። በመስከረም 1939 የዋርሶ ድብደባ ቤታቸው ከነመጻሕፍቱና ከነጽሑፎቹ ተቃጠለ፤ በፖላንድኛ ያዘጋጁት የአርስቶትል ጥናትም ጠፋ። በወረራው ዘመን በኅቡዕ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1944፣ የዋርሶው አመፅ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጀርመናዊው የአመክንዮ ምሁር በሃይንሪኽ ሾልጽ እርዳታ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሙንስተር ሄዱ። በ1946 ደብሊን ገብተው በአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆኑ። የጠፋውን ጥናት በእንግሊዝኛ እንደገና ጽፈው በ1951 አሳተሙት። በየካቲት 1956 በስደት እንዳሉ ደብሊን ውስጥ አረፉ።

ሐሳባቸው ከእርሳቸው በኋላ ሰፊ ጥቅም ላይ ዋለ። ምልክቱ ከቁጥሮቹ ኋላ ሲመጣ የመጀመሪያው ምሳሌ 2 3 4 × + ይሆናል። ማሽኑ ቁጥሮቹን አንዱን በሌላው ላይ ይደረድራል፤ ምልክት ሲያገኝ የላይኞቹን ሁለት አንስቶ ውጤቱን በቦታቸው ይመልሳል። በዚህም መጀመሪያ 12፣ ቀጥሎ 14 ይወጣል። በ1972 ለገበያ የቀረበው የሂውሌት ፓካርድ የኪስ ማስሊያ የሠራው በዚሁ ስልት ነበር፤ ስልቱም የፈጣሪውን አገር ስም ይዞ «ተገላቢጦሽ የፖላንድ አጻጻፍ» ተብሎ ይታወቃል።

ከዚህ ታሪክ ለሒሳብ ትምህርት የሚወሰድ ቁም ነገር አለ። ተማሪው የቅድሚያ ደንቡን እንደ ቁጥር ሕግ ከሸመደደው፣ ስሕተቱን የማሰብ ድክመት አድርጎ ይቆጥረዋል። ደንቡ የንባብ ስምምነት መሆኑን ከተረዳ ግን፣ የሚጠየቀው የትኛው ምልክት የትኞቹን ቁጥሮች እንደሚያያይዝ ለይቶ ማንበብ መሆኑን ይገነዘባል።