ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ ከመርሐ ቤቴ የተነሱት ደራሲና ዲፕሎማት

በሰሜን ሸዋ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ጥልቅ ገደሎች የከበቡት የመርሐ ቤቴ ምድር ለዘመናዊ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱን አፍርቷል። ደን በተባለው ስፍራ በ1870 ዓ.ም. የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስተው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዳይሬክተር፣ ዳኛ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና ከሀያ በላይ መጻሕፍት ደራሲ ለመሆን በቅተዋል።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ገብረ መስቀል እንደነበር ይነገራል። "ምርጥ" የሚል ትርጉም ባለው ኅሩይ በሚለው ስም የታወቁት በኋላ ነው። አባታቸውን ገና በልጅነታቸው በሞት በማጣታቸው የትምህርት ጉዟቸው ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ ወደ እንጦጦ ተሻግረው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግዕዝን፣ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተምረዋል። የአውሮፓ ቋንቋ ያወቁት ከዚህ በኋላ ነው። በመሆኑም አዲሱን ዓለም የተመለከቱት በሊቃውንት ዓይን ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህም ውጭ አገር ከተማሩ የዘመናቸው ሰዎች ለይቷቸዋል።

የመጀመሪያው ታላቅ የውጭ ጉዟቸው በ1903 ዓ.ም. የተከናወነ ሲሆን፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የተመራውን መልእክተኛ ቡድን ተከትለው በለንደን በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ላይ ተገኝተዋል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ወደ አሜሪካ ተልከው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋግረዋል። በ1915 ዓ.ም. ልዕልት መነን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ያደረጉትን ጉዞ በመጽሐፍ አስፍረዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙም ከአጃቢዎቹ መካከል ነበሩ። ከየጉዞው በኋላ ያዩትን ለአገራቸው አንባቢ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። በመንግሥት ገንዘብ የሚደረግ ጉዞ ለሕዝብ የሚነበብ ነገር ይዞ እንዲመለስ ማድረጋቸው በዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ ተግባር ነበር።

በአገር ውስጥም የተሰጧቸው ኃላፊነቶች ቀላል አልነበሩም። በማዘጋጃ ቤቱ ካገለገሉ በኋላ የኢትዮጵያውያንንና የውጭ አገር ዜጎችን ክርክር የሚመለከተውን ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል። የውጭ ዜጎች በቆንስሎቻቸው በኩል ልዩ መብት በሚጠይቁበት በዚያ ወቅት፣ በችሎቱ የሚሰጥ እያንዳንዱ ፍርድ የአገርን ሉዓላዊነት የሚነካ ነበር።

ጽሕፈትን ግን ከሥራቸው ጎን ለጎን አልተዉም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል፤ ዝርዝሩንም በ1920 ዓ.ም. አስፍተው እንደገና አውጥተዋል። አገሪቱ የመጻሕፍት ሀብቷን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ባልነበራት ጊዜ አንድ ባለሥልጣን በግሉ የያዘው ሥራ ነው። በ1915 ዓ.ም. የወጣው የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው ደግሞ የብዙ ኢትዮጵያውያንን ማንነት በአጭር በአጭሩ መዝግቦ ለኋላ ትውልድ ያስቀረ በመሆኑ፣ የታሪክ ተመራማሪዎች እስካሁን ይመለከቱታል። በ1918 ዓ.ም. ከሊቃውንት የተሰበሰቡ ቅኔዎችን አሳትመዋል። "ጎሐ ጽባሕ" በተባለው ማተሚያ ቤታቸውም የራሳቸውን ሥራዎች ለአንባቢ አድርሰዋል።

በልብ ወለድ ረገድ ከእርሳቸው የቀደመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው። ኅሩይ ግን አጫጭር ልብ ወለዶቻቸውን አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ በሥልጣን ላይ እያሉ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ አቅርበዋል። "ወዳጄ ልቤ" የተባለውና በ1915 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፋቸው የሰውን ጠባይ በምሳሌ የሚያሳይ ሲሆን፣ ተቺዎች ከእንግሊዛዊው ጆን በንያን ሥራ ጋር ያነጻጽሩታል። በ1923 ዓ.ም. የታተመው የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ታሪክ ደግሞ ትዳርን፣ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርንና የልጆች አስተዳደግን የሚመለከት ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በስብሰባና በመመሪያ የመንግሥት አጀንዳ ከመሆኑ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት፣ የመንግሥት ሹም የሆኑ ሰው ጉዳዩን በልብ ወለድ ማንሳታቸው ሊጤን የሚገባው ነው።

ከልብ ወለዶቻቸው በይበልጥ የሚነሳው በ1925 ዓ.ም. የወጣው "አዲስ ዓለም" ነው። ባለታሪኩ አወቀ ከመርሐ ቤቴ ብዙም ከማይርቀው ከተጉለት የተነሳ ወጣት ሲሆን፣ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር ይጋጫል። የግጭቱ ምክንያት የሩቅ ፍልስፍና አልነበረም፤ ቤተሰብን ለዕዳ የሚዳርግ የተዝካር ድግስና የጋብቻ ልማድ ነው። ደራሲው ቤተ ክርስቲያንን አልነቀፉም፤ ይልቁንም ታሪኩን የሚቋጩት የካህናት ጉባኤ ልማዱን ሲያሻሽል በማሳየት ነው። ለውጡ ከውስጥ ይምጣ የሚለው አቋማቸው በዚህ ይታያል።

በእርግጥ የኅሩይ ልብ ወለዶች የዛሬ አንባቢ የሚጠብቀው የገጸ ባሕርይ ጥልቀት የላቸውም። ምክሩ ታሪኩን ይጫነዋል፤ ባለታሪኮቹም አንዳንዴ ከሰውነት ይልቅ ወደ ሐሳብ ያዘነብላሉ። ይሁን እንጂ ቋንቋቸው የተጣራና ለሁሉም የሚገባ ነው፤ በቅኔ የሠለጠነ ሊቅ ሆን ብሎ ቀላል አማርኛ መምረጡም ትንሽ ውሳኔ አይደለም።

በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓንን የጎበኙት ኅሩይ፣ ነጻነቷን ጠብቃ የሠለጠነች እስያዊት አገር በማየታቸው በእጅጉ ተደንቀዋል። "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የተሰኘው መጽሐፋቸው የዚህ ጉዞ ውጤት ነው። የጃፓንን ወዳጅነት ተስፋ ማድረጋቸው ግን ፍሬ አላፈራም። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲከሰት የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ማቅረብ የእርሳቸው መሥሪያ ቤት ድርሻ ሆነ። ማኅበሩ ወራሪውን አላስቆመም። ለመጻሕፍት ዕድሜያቸውን የሰጡት ሚኒስትር፣ በሕግና በብዕር የቀረበ ማስረጃ በኃይል ፊት ምን ያህል አቅም እንዳጣ በቅርብ ለማየት ተገደዋል።

ወረራው በመጽሐፎቻቸውም ላይ ደረሰ። በማተሚያ ቤት የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ኅትመቱ ተቋረጠ፤ ሥራው በተሟላ መልኩ ለአንባቢ የደረሰው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር አቀኑ። በአገር ውስጥ የቀሩትና በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በፋሽስቶች እጅ ተገደሉ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በባዝ ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ የስደት መኖሪያ በነበረው ፌርፊልድ ሀውስ በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. አረፉ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት ለማየት ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግግር አድርገዋል፤ አጽማቸውም ከድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ከነጻነት በኋላ የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን "ራሴላስ" ወደ አማርኛ ተርጉመው አሳትመዋል።