ስቲቨን ፎስተር፤ ዝና ያልመገበው የዜማ ደራሲ

ስቲቨን ኮሊንስ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1826 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በወጣትነቱ በሲንሲናቲ ከተማ በወንድሙ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ መዝገብ እየያዘ ይኖር ነበር፤ ዜማ የሚደርሰው ከሥራ በተረፈው ጊዜ ነበር።

በዚያ ዘመን ሸክላም ሆነ ራዲዮ ስላልነበረ ከዜማ ገንዘብ የሚገኘው የሙዚቃውን ኖታ በወረቀት አትሞ በመሸጥ ብቻ ነበር። ሕጉ ደራሲውን የሚጠብቀው በኅትመት ረገድ ሲሆን፣ ዜማው በመድረክ ሲዘፈን የሚከፈል ዋጋ አልነበረም። ስለዚህ ጀማሪ ደራስያን ሥራቸው በሕዝብ ዘንድ ከታወቀ ገዢ ይገኛል በሚል ተስፋ፣ ድርሰታቸውን ለዘፋኝ ጓዶች ያለ ዋጋ ይሰጡ ነበር። ፎስተርም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ1847 በፒትስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘፈነው «ኦ! ሱዛና» ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ተላልፎ አገር አዳረሰ፤ በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የጎረፈው ሕዝብም ዘፈነው። አሳታሚዎች እየተሽቀዳደሙ ከ1848 ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 16 ጊዜ በልዩ ልዩ መልክ አወጡት። ደራሲው ግን ከዚህ ሁሉ ያገኘው 100 ዶላር ያህል ብቻ እንደሆነ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ዝናው አንድ በር ከፈተለት። በ1849 ከአንድ የኒውዮርክ አሳታሚ ጋር ተዋውሎ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ይከፈለው ጀመር፤ የሒሳብ ሥራውንም ትቶ በአገሩ በዜማ ድርሰት ብቻ ለመኖር ከሞከሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

በ1851 «ኦልድ ፎክስ አት ሆም» የተባለውን ዜማ ሲያወጣ ግን፣ ኢ. ፒ. ክሪስቲ የተባለው የዘፋኝ ጓድ መሪ በደራሲነት እንዲጠራበት በ15 ዶላር ስሙን ሸጠለት። የክሪስቲ ጓድ ፊታቸውን ጥላሸት እየቀቡ በጥቁሮች ባሮች አነጋገር የሚያላግጡ ነጮች ስብስብ ነበር። ዜማውም በወረቀቱ ላይ «የኢትዮጵያ ዜማ» ተብሎ ታተመ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ለማንኛውም ጥቁር ይሰጥ ስለነበር ነው። አነጋገራቸውና ሙዚቃቸው የተቀዳባቸው ባሮች በበኩላቸው አንዳች ክፍያ አላገኙም። ፎስተር በ1852 ስሙ እንዲመለስለት ክሪስቲን ቢጠይቅም ሳይሳካለት ቀረ።

ፎስተር ገቢ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በ11 ዓመት ውስጥ ከኅትመት ድርሻው ወደ 15,000 ዶላር አግኝቷል። ወጪው ግን ከገቢው በልጦ ዕዳ ስለያዘው፣ በ1857 በዜማዎቹ ላይ ያለውን የወደፊት መብት ከ2,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ሸጠ። ከ1860 በኋላ በኒውዮርክ አዳዲስ ዜማዎቹን በረካሽ እየሸጠ፣ በመጠጥ ተጎድቶና ከቤተሰቡ ተለይቶ ኖረ። በጥር 1864 በሆቴል ክፍሉ ወድቆ ቆሰለና በ37 ዓመቱ በቤልቪው ሆስፒታል ሞተ። በቦርሳው ውስጥ የተገኘው 38 ሳንቲም ነበር።

ዜማዎቹ በየአዳራሹ ሲዘፈኑ የመግቢያ ዋጋ የሰበሰበው የጓዱ መሪ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለደራሲው ድርሻ የሚያስከፍል ሕግ በአሜሪካ የወጣው በ1897 ነው። ሕጉም ቢሆን እያንዳንዱን አዳራሽ ሊቆጣጠር በማይችል ብቸኛ ደራሲ እጅ ብዙ አልሠራም። ፎስተር ከሞተ 50 ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ የዜማና የግጥም ደራስያን ከአሳታሚዎች ጋር በኒውዮርክ ማኅበር አቋቁመው ክፍያውን በአንድነት መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ዜማ በመድረክ መሰማቱ ለደራሲው ዝና ብቻ ሳይሆን እንጀራም ሆነ።