ብይ ይጫወቱበት የነበረው ድንጋይ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የአንድ አንጥረኛ ልጅ ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

ዊሊያም ስሚዝ በ1769 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ቸርችል በምትባል መንደር ተወለደ። ገና በስምንት ዓመቱ አባቱ ስለሞተ ገበሬ አጎቱ ጋ አደገ። የሰፈሩ ልጆች ከእርሻ የሚለቅሟቸውን ክብ ክብ ድንጋዮች ብይ ያደርጓቸው ነበር። ድንጋዮቹ ግን ድሮ ባሕር ውስጥ የኖሩ እንስሳት ቅሪተ አካሎች ናቸው!

ስሚዝ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ18 ዓመቱ የመሬት ቀያሽ ረዳት ሆነ። ቆይቶም ሶመርሴት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እየወረደ መረመረ፣ የጀልባ ቦይ ሲቆፈርም ሠራ። መሬቱ ሲቆረጥ ድንጋዩ በንብርብር በንብርብር ተደርድሮ አየ።

እናታችን እንጀራ ስትጋግር እናስብ። መጀመሪያ የወጣው ከታች፣ የመጨረሻው ከላይ ይሆናል አይደል? ሰዓት ባናይም የቱ እንደቀደመ እናውቃለን። ድንጋይም እንደዚያው ነው። ጭቃና አሸዋ ውሃ ስር እየተከመረ ይጠነክራል። ንብርብሩ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ቀዳሚ ነው፤ በውስጡ ያለው ቅሪተ አካልም ከላይኛው በዕድሜ ይበልጣል።

ይህንን ከስሚዝ በፊትም ያወቁ ነበሩ። የሱ ግኝት ሌላ ነው። ሁለት ንብርብሮች በቀለም አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ቅሪተ አካላቸው ግን ይለያያል። ቅደም ተከተሉም ሩቅ ቦታ ድረስ አይቀየርም። ስለዚህ ቅሪተ አካሉን አይቶ ንብርብሩ የትኛው እንደሆነ መለየት ቻለ።

ከዚያ አገሩን እየዞረ በ1815 ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ በእጅ የተቀለመ የድንጋይ ካርታ አወጣ። ግን ምን ያደርጋል! የጂኦሎጂ ማኅበር ሀብታሞች ወደ ማኅበራቸው አላስገቡትም፤ በካርታው ላይም ሌላ ተፎካካሪ ካርታ አወጡበት። ዕዳ ሲበዛበት ለዓመታት የሰበሰባቸውን ከ2,000 በላይ ቅሪተ አካሎች ሸጠ። አልበቃም፤ በ1819 ለንደን ውስጥ በዕዳ ታሰረ። ሲፈታ ቤቱ ተወስዶ ነበር።

እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ መቀየሱን ቀጠለ። በ1831 ያው ያገለለው ማኅበር የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳሊያ ለሱ ሰጠ። ስሚዝ በ1839 አረፈ።

የኛዋ ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1974 አፋር ሐዳር ስትገኝም፣ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በአካባቢው ያሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ተመርምረው ነው።

ጓደኞቼ፣ እኛም ዝናብ የሸረሸረው ገደል ወይም ለመንገድ የተቆረጠ ኮረብታ ስናይ ዝም ብለን አንለፍ። ከታች ጀምረን እንቁጠረው!