ሮበርት ቦሽ፦ ለቀዘቀዘ ሞተር እሳት ያበጁት ሰው



ባለፈው ክረምት እዚህ ክፋር ዮና በየማለዳው ከቤታችን ሥር የማይቀር ድምፅ ነበር። የእህቴ ልጅ አሮጌ መኪናውን ለማስነሳት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ይጮሃል፣ ሞተሩ ግን ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ኧሁ ኧሁ ብሎ ዝም ይላል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲሞቀው ያለ አንዳች ችግር ይነሳል። ልጁ የፋብሪካውን የሞተር ኮምፒውተር፣ በዕብራይስጥ ማህሼቭ ማኖዓ የሚባለውን ማለት ነው፣ አስወጥቶ በሌላ ድርጅት የተሠራ፣ እንደ ፍላጎት የሚስተካከል ኮምፒውተር አስገብቶበት ነበር። የገጠሙለት ሰዎች ሞተሩ ሞቆ ሳለ አስተካክለው አስረከቡት፤ የጠዋቱን ብርድ ያሰበ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሥራ አርፍዶ ደርሷል፣ ሦስተኛ ከደገመ እንደሚሰናበት ተነግሮታል። ስለዚህ ነገሩ በቤታችን ቀልድ አልነበረም።

መከለያውን ከፍተን ስናይ በየዕቃው ላይ አንድ ስም ተጽፎ አገኘን፤ ቦሽ። ይህን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፍሪጅ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከመሰርሰሪያ ነው። የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ስለዚህ ሰው ትንሽ ላጫውታችሁ።

ሮበርት ቦሽ የተወለዱት እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1861 በደቡብ ጀርመን፣ ኡልም አጠገብ በምትገኝ አልቤክ በተባለች መንደር ነው። አባታቸው ገበሬም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም ነበሩ፤ ልጆቹ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ሮበርት አሥራ አንደኛው ናቸው። በኡልም ከተማ ከአንድ መካኒክ ዘንድ የእጅ ሙያ እንዲማሩ ቢላኩም ጌታቸው ለማስተማር ደንታ አልነበረውም። ይህ ቅሬታ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም፤ በ1913 በራሳቸው ፋብሪካ ውስጥ ለወጣት ሠልጣኞች ብቻ የተለየ ወርክሾፕ የከፈሉት፣ ይመስለኛል፣ ያንን የባከነ ጊዜ እያስታወሱ ነው። ከዚያ በኋላ በጀርመን ከተሞች እየዞሩ ሠሩ፣ በ1884 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኤዲሰን ፋብሪካ ተቀጠሩ፣ በእንግሊዝ አገርም በሲመንስ ኩባንያ ሠሩ። ሰው አገር በእጁ ሙያ እየኖረ ቋንቋ የሚለምድን ወጣት ኑሮ እኛ አንባቢዎች አንስተውም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 1886 በሽቱትጋርት ከተማ አንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈቱ። ገንዘቡ ከአባታቸው የወረሱት 10,000 ማርክ ነበር፤ አብረዋቸው የነበሩትም አንድ መካኒክና አንድ ተላላኪ ልጅ ብቻ ናቸው። ስልክ ይተክላሉ፣ ደወል ይጠግናሉ፣ የመጣውን ሁሉ ይሠራሉ። ብዙ ዓመት በዕዳ ተጨንቀው ኖረዋል።

በ1887 አንድ ደንበኛ ለቋሚ ሞተር የሚሆን ማግኔቶ እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። ማግኔቶ ማለት ባትሪ ሳያስፈልገው ሞተሩ ራሱ ሲዞር በማግኔት ኃይል ኤሌክትሪክ እያመነጨ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ዕቃ ነው። ሐሳቡ የእርሳቸው አልነበረም፣ ከእርሳቸው በፊት የተሠራ ነበር፤ እርሳቸው አሻሽለው፣ የማይበላሽ አድርገው አወጡት። በዚያ ዘመን ብዙ ሞተሮች የሚቀጣጠሉት በእሳት በጋለ ቱቦ ነበር፤ ሾፌሩ መጀመሪያ ቱቦውን በነበልባል አግሎ ይጠብቃል፣ ነፋስ ነበልባሉን ካጠፋበት እንደገና ይጀምራል። በ1897 ፍሬደሪክ ሲምስ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ባለ ሦስት እግር ሞተር ተሽከርካሪ አምጥቶ ማግኔቶ እንዲገጠምለት ጠየቀ። የተሽከርካሪው ሞተር ከቋሚዎቹ ሞተሮች እጅግ ስለሚፈጥን የነበረው ማግኔቶ ሊከተለው አልቻለም፤ መፍትሔውን ያገኘው አርኖልድ ሴሪንገር የተባለ የቦሽ ባልደረባ ነው። በ1902 ደግሞ ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው መሐንዲሳቸው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ማግኔቶና ካንዴላውን አንድ ላይ አወጣ። ቦሽን ሀብታም ያደረጋቸው ይህ ነው። ሰውየው ራሳቸው ታላቅ ፈልሳፊ አልነበሩም፤ የሚችል ሰው መርጦ፣ ጥሩ ከፍሎ፣ ሥራውን ማጥራት ነበር ችሎታቸው።

በ1906 በፋብሪካቸው የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን አደረጉ። በዚያ ጊዜ ይህን ያደረገ የጀርመን ፋብሪካ ጥቂት ነበር፤ ሌሎች ባለ ፋብሪካዎች በንቀት ቀዩ ቦሽ ብለው ይጠሯቸው ነበር። እርሳቸው ግን የደከመ ሠራተኛ የተበላሸ ዕቃ ያወጣል ብለው ያምኑ ነበር። ቁጠባቸውም የታወቀ ነው፤ ወለል ላይ የወደቀች የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አንስተው ሠራተኛውን እንደ ገሠጹ ይነገራል። ያም ሆኖ በ1913 ሠራተኞቻቸው ሥራ ሲያቆሙ ነገሩ በጣም አሳዝኗቸዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጦር መሣሪያ ሥራ ያገኙትን ትርፍ በኪሳቸው ማስቀረት ስላልወደዱ ብዙ ሚሊዮን ማርክ ለኔካር ወንዝ የመርከብ ቦይ ሥራ ሰጡ። ልጃቸው ሮበርት በ1921 በሕመም ሞተባቸው።

አሁን ወደ ብርዱ እንመለስ። የጥንት መኪና የሚነሳው በማኖቬላ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባችውን የመጀመሪያዋን መኪና ያስነሱ ሰዎች ማኖቬላውን በክንዳቸው አዙረው ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። በአሜሪካ ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞተሪኖ ለ1912 የካዲላክ ሞዴል አደረሰ፤ ቦሽም በ1914 በዚሁ ሥራ የተሰማራ የአሜሪካ ፋብሪካ ገዙ። በ1927 ደግሞ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን የነዳጅ ፓምፕ በብዛት ማምረት ጀመሩ። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ በመጋሉ ብቻ ነው። ብረቱ ከቀዘቀዘ ግን ሙቀቱን ይሰርቅበታል፤ ስለዚህ ቅድሚያ የሚያሞቅ ነገር ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ውርጭ የጭነት መኪና ሲያስነሱ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም።

የሕይወታቸው ከባዱ ክፍል የመጣው በስተርጅና ነው። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ 72 ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሂትለርን አግኝተው ከፈረንሳይ ጋር ሰላም እንዲሆን ቢያነሡም የሚሰማቸው አላገኙም። ቦሽና የቅርብ ሰዎቻቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ሕይወት ኖሩ ማለት ይቻላል። በአንድ በኩል ለአይሁድ ድርጅቶች በስውር ገንዘብ ይሰጡ ነበር፣ አይሁድ ከአገር እንዲወጡ ይረዱ ነበር፣ የሂትለርን መንግሥት ለመጣል ይሠራ የነበረውን ካርል ጎርደለርን በ1937 አማካሪ አድርገው ቀጠሩት፤ እርሱም በየካቲት 1945 በናዚዎች ተገደለ። በሌላ በኩል ፋብሪካው ለሂትለር ጦር ያመርት ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ ሠርተውበታል፣ ከእነዚህም ውስጥ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ ነበሩበት። የሥራ አስኪያጃቸው ሀንስ ቫልስ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ አይሁድን ስለ ረዳም ያድ ቫሼም በ1969 ከአሕዛብ ጻድቃን መካከል ቆጥሮታል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የሚቻል አይመስለኝም፤ በተለይ እኛ በዚህ አገር የምንኖር ሁለቱንም ማወቅ ይገባናል።

ሮበርት ቦሽ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1942 በሽቱትጋርት ዐረፉ። የማይወዱት መንግሥት በራሱ ሥርዓት፣ በራሱ ባንዲራ ቀበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1940፣ በስማቸው የተጠራ ሆስፒታል በዚያው ከተማ አስከፍተው ነበር። ከሞቱ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ የኩባንያው አብዛኛው ድርሻ ወደ በጎ አድራጎት ተቋም ተላለፈ፤ ዛሬም ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው የዚሁ ተቋም ነው።

በ1967 ኩባንያቸው ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ አወጣ። ቤንዚን በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ በደንብ አይተንም፤ በአየር መግቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለማቀጣጠል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመነሻ ብቻ ተጨማሪ ነዳጅ የምትረጭ አንዲት የብርድ ኢንጀክተር ነበረችው። በ1979 በቢኤምደብልዩ ላይ የወጣው ሞትሮኒክ ደግሞ ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ኮምፒውተር አዘዘ። ዛሬ የውኃውን ሙቀት የምታነብ አንዲት ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ትነግራለች፤ እርሱም በሰንጠረዡ መሠረት ሞተሪኖው ሲዞር ብዙ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይቀንሳል፣ እየሞቀ ሲሄድ ጨርሶ ይተዋል። የፋብሪካ መኪና ላይ ይህን ሰንጠረዥ መሐንዲሶች በብርድ አገር ወጥተው ይሞሉታል። ከውጭ በሚገጠመው ኮምፒውተር ግን የሚሞላው ባለቤቱ ወይም የገጠመው ሰው ነው።

የእህቴ ልጅ መኪና ችግር የተገኘው እዚያ ላይ ነው። በላፕቶፕ ሲታይ ጠዋት ቀዝቅዞ ያደረው ሞተር ለኮምፒውተሩ 40 ዲግሪ ሙቀት መስሎ ይታየዋል፤ የሴንሰሯ ዓይነት በትክክል አልተመዘገበም ነበር። ሞቃት ነኝ ብሎ ካመነ ነዳጅ አይጨምርም። ያ ከተስተካከለ በኋላም ነዳጁ በዝቶ ካንዴላዎቹን አራሳቸው፤ ተነቅለው ደርቀው፣ ቁጥሩ ትንሽ ተቀንሶ እንደገና ተሞከረ። ባትሪውም ሲፈተሽ ደካማ ነበር፤ ሞተሪኖው ሲጎትተው ቮልቱ ይወርድና ኢንጀክተሮቹ ዘግይተው ይከፈታሉ። የዚህ ሥራ አስቸጋሪነቱ ሙከራው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ሞተሩ ይሞቃል፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት መጠበቅ ግድ ነው። እኛ ዘጠኝ ጠዋት ፈጀብን። ልጁ በእነዚያ ቀናት በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው፤ በአሥረኛው ቀን መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።